ምርመራው የሚያየው ቫይረሱን አይደለም

(ሰንዳፋ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብና የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል በጋራ ባዘጋጁት ፕሮግራም ላይ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ለተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)



ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። የባዮሎጂ መምህራችሁ ደውለው «ልጆቹ ሂዩሞራል ኢሚዩኒቲ የሚለውን ትምህርት ሸምድደውታል እንጂ አልገባቸውም፤ መጥተህ አስረዳልኝ» አሉኝ። በሳምንቱ ደግሞ የፀረ ኤድስ ክበባችሁ ሰብሳቢ «ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራ ንግግር አድርግልን» የሚል ደብዳቤ ላከችልኝ። እኔ ሁለት ቀን ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ ስለማልችል ሁለቱን በአንድ ቀን አድርጉልኝ አልኳቸው። በኋላ ሳስበው ግን የፈቃድ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሁለቱ አንድ ርዕስ ናቸው። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ቁጭ ብዬ በየቀኑ የማነበው እናንተ በደብተራችሁ የገለበጣችሁትን ነገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። «ሂዩሞራል» ሲባል ቀልድ የሚመስለው ይኖራል። እኔም ተማሪ ሳለሁ መስሎኝ ነበር። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ፈሳሽ ወይም እርጥበት ማለት ነው። ስለዚህ በደማችንና በሌሎች የሰውነታችን ፈሳሾች ውስጥ ተሟምቶ የሚዘዋወር መከላከያ ማለት ነው። ሌላኛው ክፍል፣ ሴሎች ራሳቸው ሄደው የተበከለውን ሴል የሚገጥሙበት ነው፤ እሱን ለመምህራችሁ እተወዋለሁ።

አሁን ስለ አንድ ጥጃ ልንገራችሁ።

እኔ የዚሁ አካባቢ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ከሰንዳፋ ወጣ ብሎ ባለ ገበሬ ቤት ነው። የዚህ አገር ሰው ላምና ወተት ያውቃል፤ ከእናንተም መካከል ዛሬ ጠዋት አልቦ የመጣ አይጠፋም። የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንዲት ላማችን ወለደች። እናቴ እንገሩን አልባ፣ አፍልታ፣ እንደ አይብ ሲረጋ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አበላች። እኔም ጣቴን እየላስሁ በላሁ። ጥጃው ግን የደረሰው ጥቂት ነው። «እንገር ሲበዛበት ያስቀምጠዋል» ይባል ነበር። ታዲያ ጥጃው በአምስተኛው ቀን ማስቀመጥ ጀመረ፤ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። «ዓይን በላው» ተባለ። ቆዳው ጭድ ተሞልቶ፣ ላሚቱ ወተቷን እንዳትከለክል በታለበች ቁጥር ፊቷ ይቀመጥ ነበር። እሷ እየላሰችው እናቴ ታልባታለች። እኔ ያንን ማየት ስለማልወድ በማለቢያ ሰዓት ከቤት እወጣ ነበር።

ያንን ጥጃ ምን እንደገደለው የገባኝ ኮሌጅ ገብቼ፣ ኢሚዩኖሎጂ የሚባለውን ትምህርት ስማር ነው። አስተማሪያችን ስለ ሰው ሲያስረዱ በመካከል ስለ ላም አነሱ። የሰው ልጅ በእናቱ ማኅፀን እያለ የእናቱ አንቲቦዲዎች በእንግዴ ልጅ በኩል አልፈው ወደ ደሙ ይገባሉ። የላም እንግዴ ልጅ ግን አያሳልፋቸውም። ስለዚህ ጥጃ ሲወለድ ደሙ ውስጥ አንቲቦዲ የለም ማለት ይቻላል። እናቱ ያዘጋጀችለት ስንቅ በሙሉ ያለው እንገሩ ውስጥ ነው። የጥጃው አንጀት ደግሞ ያንን ስንቅ ሳይፈጨው ወደ ደም የሚያሳልፈው ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው፤ ሰዓቱ በገፋ ቁጥርም እየጠበበ ሄዶ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ባልዲ ሙሉ እንገር ቢጠጣ ወደ ደሙ የሚገባ የለም። በረት ውስጥ ደግሞ ጀርም አለ። እኔ ጣቴን እየላስሁ የበላሁት የዚያን ጥጃ መከላከያ ነበር።

(ለሕፃናትም ቢሆን የመጀመሪያው ወፈር ያለ ቢጫ ወተት እንገር ነው። በየቤቱ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ የሚደፋበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። ቤታችሁ ሕፃን ሲወለድ ይህን መናገር ትችላላችሁ። የተማረ ልጅ ሲናገር ይሰማል።)

እንግዲህ ይህ አንቲቦዲ የምንለው ምንድን ነው? በአማርኛ «ፀረ እንግዳ አካል» እንለዋለን። ፕሮቲን ነው። ቅርጹ ባላ እንጨት ይመስላል። የባላው ሁለት ጫፎች እንግዳውን ነገር የሚይዙ ሲሆን ግንዱ ደግሞ ለሌሎች ሴሎች እንደ እጀታ ያገለግላል። ብዙ ተማሪ አንቲቦዲ ጀርምን የሚገድል መርዝ ይመስለዋል። ብቻውን አይገድልም። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ለመግባት በሚጠቀምበት ቦታ ላይ ሄዶ ይጣበቅበትና መግቢያ ያሳጣዋል። ወይም ባክቴሪያውን ከቦ «ይኸውላችሁ» የሚል ምልክት ይሆናል፤ በላተኛ ነጭ የደም ሴሎች ያንን እጀታ ይዘው ይውጡታል። ደም ውስጥ ያሉ ሌሎች ፕሮቲኖችን ጠርቶ ባክቴሪያውን የሚያስበሳበት ጊዜም አለ።

የሚሠራው ማን ነው ካላችሁ፣ ቢ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ነው። «ቢ» የተባለው በዶሮ ምክንያት ነው፤ ይህን መጽሐፋችሁ ላይ ላታገኙት ስለምትችሉ ልንገራችሁ። ዶሮ ከኋላዋ፣ ፊንጢጣዋ አጠገብ «ቡርሳ» የሚባል ትንሽ ከረጢት አላት። ለምን እንደሚያገለግል አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ግሊክ የተባለ ተማሪ ይህንን ከረጢት ከጫጩቶች እያወጣ ያጠና ነበር። አንድ ጓደኛው ለክፍል ማሳያ ዶሮ ሲቸግረው ከእሱ ወሰደ፤ ባክቴሪያ ወግቶ አንቲቦዲ እንዴት እንደሚፈጠር ሊያሳይ ነበር። አንዳንዶቹ ዶሮዎች ምንም አንቲቦዲ አላወጡም። ማሳያው ተበላሸ። ሲጣራ፣ እነዚያ ዶሮዎች ከረጢቱ የወጣላቸው ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1956 ይህንን ያወጡት በዶሮ እርባታ መጽሔት ላይ ስለነበር ለጥቂት ዓመታት ብዙ የሕክምና ሰው አላየውም። ቢ ሴል ስሙን ያገኘው ከዚህች ቡርሳ ነው። እኛ ቡርሳ የለንም፤ የእኛ ቢ ሴሎች የሚያድጉት በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ሰውነታችን አይቶት የማያውቀው ጀርም ሲገባ ልኩን የሚይዝ አንቲቦዲ ከየት ያመጣል? ብዙዎቻችሁ «ጀርሙን አይቶ በልኩ ይሠራል» ብላችሁ ታስባላችሁ። አይደለም። እስቲ ሁለት ዓይነት ጫማ ቤት አስቡ። አንዱ እግራችሁን ለክቶ የሚሰፋ ነው። ሌላው መርካቶ ያለ፣ ሁሉንም ቁጥር ቀድሞ ደርድሮ ደንበኛ የሚጠብቅ ነው። የእኛ ሰውነት ሁለተኛው ነው። እያንዳንዱ ቢ ሴል የራሱ የሆነ አንድ ዓይነት መያዣ ይዞ ይወለዳል። የመያዣው ዓይነት በቢሊዮን ሊቆጠር ይችላል። የሰው ጂን ግን 20 ሺህ ገደማ ነው። ታዲያ እንዴት? ቢ ሴሎች የተወሰኑ የጂን ቁራጮችን እየቆረጡና እያገናኙ በየፊናቸው የተለያየ ነገር ይሠራሉ። ይህንን የደረሰበት ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶኔጋዋ እ.ኤ.አ. በ1987 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ብዙው ጫማ ዕድሜ ልኩን ገዢ ሳያገኝ ይቀራል። አንድ ቀን ግን አንድ እግር ይመጣና ልክ ይሆናል።

ያን ጊዜ ምን ይሆናል? እግራችሁ ቆስሎ ብሽሽታችሁ ላይ ንፍፊት ወጥቶባችሁ ያውቃል? እናቶቻችን «ቁስሉ ነው የጠራው» ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ያ ቦታ የሊምፍ ዕጢ ነው። ከቁስሉ የመጣው ጀርም ወይም ቁራጩ፣ ማለትም አንቲጂኑ፣ እዚያ ይደርሳል። ልኩ የሆነው ቢ ሴል እዚያ ይገናኘዋል። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ቢ ሴሉ ብቻውን አይነሳም፤ ረዳት ቲ ሴል፣ ሲዲ4 የምንለው፣ መጥቶ «አዎ፣ ይህ ጠላት ነው፣ ቀጥል» ሊለው ይገባል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። ከዚያ ቢ ሴሉ መባዛት ይጀምራል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ በሺዎች ይሆናል። ንፍፊቱ የሚያብጠው ለዚህ ነው። ከልጆቹ አብዛኞቹ ፕላዝማ ሴል ይሆኑና ሌላ ሥራቸውን ሁሉ ትተው አንቲቦዲ ብቻ ያመርታሉ፤ አንዱ ሴል በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ይረጫል። ጥቂቶቹ ግን ወደ ጦርነቱ ሳይገቡ አስታዋሽ ሴል ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዶቹ ለአሥርተ ዓመታት።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። በመጀመሪያው ግጥሚያ አንቲቦዲው በደም ውስጥ በደንብ እስኪታይ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ለአንዳንዱ ጀርም ከዚያም በላይ ያልፋል። መጀመሪያ የሚመጣው አይ ጂ ኤም የሚባለው ነው፤ ቆይቶ ይበልጥ የሚጠብቀው አይ ጂ ጂ ይተካዋል። ጀርሙ ለሁለተኛ ጊዜ ከመጣ ግን አስታዋሾቹ ስላሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዛት ይወጣል። ክትባት ማለት ይህንን መጠቀም ነው። ሳትታመሙ አስታዋሽ እንዲኖራችሁ ማድረግ። የኩፍኝ ክትባት ሕፃኑ እንደተወለደ የማይሰጠው፣ በአገራችን እስከ 9 ወር የሚጠበቀው ለምን ይመስላችኋል? በማኅፀን ሳለ ያገኘው የእናቱ አንቲቦዲ ገና ደሙ ውስጥ ስላለ ክትባቱን ራሱን ይዞ ስለሚያከሽፈው ነው። ሴቶች ልጆች ደግሞ፣ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች መሰጠት መጀመሩን ታስታውሱ ይሆናል፤ ታላላቅ እህቶቻችሁ ተከትበዋል። በልጅነት የሚሰጠው አንቲቦዲ ቫይረሱን የሚይዘው ሴል ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ ነው። ከገባ በኋላ ባላው አይደርስበትም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ኅዳር 2001 ዓ.ም. ነው። ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ከአንድ ታካሚ ደም ቀድቼ መርፌውን መልሼ ልከድን ስል የግራ እጄን ጣት ወጋሁ። መርፌ እንዳይከደን፣ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ እንዲጣል ተምሬያለሁ፤ ለሌሎችም አስተምሬያለሁ። ጥፋቱ የእኔው ነው። ጓንቴን ሳወልቅ አንዲት ጠብታ ደም አየሁ። በውሃና በሳሙና አጠብኩት። ታካሚው ሲመረመር ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ተገኘ።

ቁጥሩን አውቀው ነበር። እንዲህ ባለ የመርፌ መወጋት ኤች አይ ቪ የሚተላለፈው ከ1,000 ሰው ወደ 3ቱ ነው። ለሌላ ሰው ስናገረው ትንሽ ቁጥር ነበር። ያን ቀን ግን «ከሦስቱ አንዱ እኔ ብሆንስ» ከማለት ሌላ አላሰብኩም።

ወዲያው ሁለት ነገር ተደረገ። አንደኛ፣ ከተጋላጭነት በኋላ የሚወሰደውን መከላከያ መድኃኒት ጀመርኩ። ይህ መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። (ይህ ለጤና ባለሙያ ብቻ አይደለም። የመደፈር አደጋ የደረሰበት ሰው፣ ሴት ትሁን ወንድ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ ያገኘዋል። ማልቀሱም፣ መክሰሱም ይደርሳል፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቅም።) ሁለተኛ፣ የሥራ ባልደረባዬ የእኔን ደም መረመረ። ነጌቲቭ ነበር።

አያችሁ፣ እዚህ ላይ ነው ትምህርታችሁ የሚመጣው። ያ ነጌቲቭ ስለዚያ መርፌ ምንም አልነገረኝም። የነገረኝ ከመርፌው በፊት የነበረውን ነው። ለምን? መመርመሪያዋን ቁራጭ ነገር እንመልከታት። በላይዋ ላይ በዓይን በማይታይ መስመር የተለጠፈው የኤች አይ ቪ የፕሮቲን ቁራጭ ነው፤ አንቲጂን ማለት ነው። ከጣታችሁ የተወሰደው ደም በወረቀቱ ላይ ሲሳብ፣ በውስጡ ለኤች አይ ቪ ልክ የሆነ አንቲቦዲ ካለ እዚያ መስመር ላይ ይጣበቅና ቀለም ይወጣል። ከሌለ ዝም ብሎ ያልፋል። ሁለተኛዋ መስመር መመርመሪያው መሥራቱን የምትናገር መቆጣጠሪያ ናት፤ እሷ ካልወጣች ምርመራው ይደገማል። ስለዚህ ቁራጯ የምትጠይቀው «ቫይረስ አለ ወይ?» ብላ አይደለም። «ይህ ሰውነት ለኤች አይ ቪ መልስ ሰጥቷል ወይ?» ብላ ነው። መልሱ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል ብለናል። በአብዛኛው ሰው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይወጣል፤ የሚዘገይበትም ስላለ 3 ወር ይጠበቃል። ያ ጊዜ «ዊንዶው ፒሪየድ» ይባላል። ቫይረሱ ገብቷል፤ መስመሯ ግን አትወጣም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት የሚሆነው ነው። የሚገታው ስለሌለ ቫይረሱ በደም ውስጥ እጅግ በብዛት የሚገኝበት ጊዜ ያ ነው። ሰውየው ወደ ሌላ ሰው በቀላሉ የሚያስተላልፈውም ያኔ ነው። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ፣ ንፍፊት ሊኖረው ይችላል፤ ጉንፋን መስሎት ያልፈዋል። ወይም ምንም አይሰማውም።

በሥራዬ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ አንድ ልጅ ግን ከአእምሮዬ አይወጣም። በደሴ መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ረዳት ነበር፤ ዕድሜው ከእናንተ ብዙም አይበልጥም። ኮንዶም ሳይጠቀም ግንኙነት ካደረገ አሥር ቀኑ ነው። መረመርኩት፤ ነጌቲቭ ሆነ። አሥር ቀን ገና መሆኑን፣ በሦስት ወሩ ተመልሶ መምጣት እንዳለበት፣ እስከዚያ ራሱንም ሌላውንም መጠበቅ እንዳለበት ነገርኩት። እሱ የሰማው «ነጌቲቭ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ፊቱ በራ፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ። ወጥቶ ስልክ ሲደውል በመስኮት ሰማሁት፤ «ነጻ ነኝ!» ይላል። ለማን እንደደወለ አላውቅም። አልተመለሰም። ቀጠሮው በነበረበት ሳምንት በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እል ነበር።

እኔስ? እንደማንኛውም ሰው ጠበቅሁ። መድኃኒቱ ያቅለሸልሸኝ ነበር፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ከወሰድኩት ቀኑን ሙሉ ምግብ ያስጠላኛል። ማታ ማታ ብሽሽቴንና አንገቴን እየዳሰስኩ ንፍፊት እፈልጋለሁ። ስለ ቢ ሴል የማውቀው ሁሉ እንቅልፍ ነሳኝ። በስድስተኛው ሳምንት ተመረመርኩ። ባልደረባዬ «አንተ ውጣ» አለኝ፤ እምቢ ብዬ ቆሜ አየኋት። ደሙ ሲሳብ፣ መቆጣጠሪያዋ መስመር ስትወጣ፣ ከዚያ ሌላዋ መስመር መውጫዋ ላይ ነጭ ወረቀት ብቻ... 15 ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል ብዬ አስቤ አላውቅም። በሦስት ወሩም እንዲሁ፤ በዚያን ጊዜ በነበረኝ ቀጠሮ መሠረት በስድስት ወሩም እንዲሁ። ነጌቲቭ ነኝ።

አንድ ተማሪ «ሰውነታችን ለኤች አይ ቪ አንቲቦዲ ካወጣ ለምን አይፈወስም? ለኩፍኝ ሲያወጣ እንድን የለ?» ብሎ በወረቀት ጽፎ ልኮልኛል። ጎበዝ ነህ ወይም ነሽ። ይህ ተመራማሪዎችን ከአርባ ዓመት በላይ ያደከመ ጥያቄ ነው። ኤች አይ ቪ ራሱን ሲያባዛ ብዙ ስህተት ይሠራል፤ ስህተቱ ይጠቅመዋል። ልብሱ በየጊዜው ይቀያየራል። ቢ ሴሎቻችን ለትናንቱ ልብስ ልክ የሆነ አንቲቦዲ ሲያወጡ እሱ ዛሬ ሌላ ለብሷል። በዚያ ላይ ልብሱ በስኳር የተሸፈነ ስለሆነ ባላው የሚይዝበት ቦታ ጥቂት ነው። የራሱን ጂንም በእኛ ሴል ጂን ውስጥ ደብቆ ለዓመታት ሊተኛ ይችላል፤ አንቲቦዲ ደግሞ ሴል ውስጥ አይገባም ብለናል። ያዙልኝ ያልኳችሁም ነገር አለ። ኤች አይ ቪ ለይቶ የሚያጠቃው ማንን ነው? ያንኑ «ቀጥል» የሚለውን ሲዲ4። አዛዡ እያለቀ ሲሄድ ቢ ሴሎቹ ቢኖሩም ለአዲስ ጀርም በአግባቡ መልስ መስጠት ያቅታቸዋል። ኤድስ ላይ የደረሰ ሰው ሌላው ጤነኛ ሰው በማይታመምበት ነገር የሚታመመው በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ እነዚያ አንቲቦዲዎች ቫይረሱ መግባቱን ለእኛ ይመሰክራሉ እንጂ አያስወጡትም። የሚያዳክመው መድኃኒቱ ነው፤ በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል።

ሌላ ወረቀት፦ «መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አይታይም ሲባል፣ በጣት ምርመራ ነጌቲቭ ይሆናል ማለት ነው?» አይደለም። ቫይረሱ ተለክቶ የማይታይበት ደረጃ ላይ ቢደርስ እንኳ አንቲቦዲው ብዙውን ጊዜ ይኖራል፤ መስመሯ ትወጣለች። ያ ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ በዚያ ደረጃ እስከቆየ ድረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ካቆመ ግን የተደበቀው ይነሳል። በሁለት የተለያዩ መመርመሪያዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሚለኩ ነው ሰው የሚደናገረው።

«ከድድ ላይ ጠርጎ በሚመረምረው መሣሪያ ኤች አይ ቪ ከተገኘ፣ በምራቅ ይተላለፋል ማለት ነው?» ይህ ጥያቄ በየሄድኩበት ይመጣል። እስካሁን የነገርኳችሁን ከሰማችሁ መልሱን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። መሣሪያው ከድድ ላይ የሚያገኘው አንቲቦዲውን ነው፤ ቫይረሱን አይደለም። በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። በዚህ ወሬ ምክንያት ለብቻዋ ሳህን የተሰጣትን ሴት አውቃለሁ።

ቫይረሱ በደሟ ካለ እናት ስለሚወለዱ ሕፃናትም ተጠይቄያለሁ። ጥጃውን አስታውሱ፤ የሰው ልጅ ከጥጃ በተቃራኒ የእናቱን አንቲቦዲ ይዞ ነው የሚወለደው። ስለዚህ ሕፃኑ ቫይረሱ ባይኖርበትም በአንቲቦዲ ምርመራ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። የእሱ መልስ አይደለም፤ የእናቱ ነው። ያ ከደሙ እስኪጠፋ እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው ከ18 ወር በታች ላለ ሕፃን ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ሌላ ምርመራ የሚደረገው፤ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ከተረከዙ ጥቂት የደም ጠብታ በወረቀት ላይ ተወስዶ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ይላካል። ይህንን ሳያውቁ ገና በመጀመሪያው ወር «ልጄ አለቀለት» ብለው ተስፋ የቆረጡ እናቶች ነበሩ። እናቲቱ መድኃኒቷን ከወሰደች፣ ለሕፃኑም የሚሰጠው ከተሰጠው፣ አብዛኞቹ ነጻ ሆነው ያድጋሉ። ጡትም ያጠባሉ።

የመጨረሻዋ ወረቀት ላይ «ያኔ ፍቅረኛ ነበረህ? ምን አለችህ?» ይላል። ሳቁ፣ ሳቁ። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነው።

እጮኛ ነበረችኝ። ሠርጋችን ለጥር ተቆርጧል። በተወጋሁ ማግሥት ነገርኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ደውላ «መድኃኒቱን የምትውጠው በስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ። ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት አልኳት። እስከ ሃያ ስምንተኛው ቀን ድረስ በእነዚያ ሰዓቶች ስልኬ ትጮህ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ምንም ሳታወራ «ዋጥክ?» ብላ ትዘጋለች። ሠርጉ በዓመቱ ጥር ሆነ። ለቤተሰብ የቤት ኪራይ ተወዶብን ነው አልን፤ ውሸት አልነበረም፣ ሙሉ እውነትም አልነበረም። እናቴ ነገሩን የሰማችው ከሠርጉ በኋላ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ደወሉ ሊደወል ነው። ጊዜ ያለፈባቸውና ለምርመራ የማያገለግሉ ጥቂት የመመርመሪያ ቁራጮች ይዤ መጥቻለሁ፤ ላቦራቶሪያችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። መስመሮቹ የሚወጡበትን ቦታ በዓይናችሁ እዩት። አምስት አምስት ሆናችሁ ግቡ።